ሶፋ ፍለጋ ወጥቼ በርጩማ ይዤ ገባሁ

ዛሬ መርካቶ የቤት ዕቃ ሳይ ዋልኩ። ሶፋው ሁሉ ግራጫ ሆኗል እኮ ጎበዝ! ግራጫ፣ ኤል ሼፕ፣ ወርቃማ እግር።

አንዱን የቲቪ ማስቀመጫ "እንጨቱ ምንድነው?" ብለው ልጁ ዓይኑን ሳያሽ "ዋንዛ ነው፣ ወንድሜ" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ከስር ሳየው የጠርዙ ፕላስቲክ ተላጥቶ የተጨመቀው የእንጨት ብናኝ ይታያል። ኤምዲኤፍ! (ኤምዲኤፍ አይረባም አላልኩም። ውሃ ካልነካው ለቁም ሳጥን ደህና ነው። በዋንዛ ዋጋ ግን አይሸጥማ።)

ልቤን የወሰደው የጅማ በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ እንደ ሳህን ተቀርጿል፤ የመጥረቢያው ዱካ ከስሩ አሁንም ይዳሰሳል። እግሩ ሦስት ስለሆነ ወለሉ ቢያጋድልም አይወዛወዝም። ከዘመናዊ ሶፋ ጎን አድርጋችሁ ቡና አስቀምጡበትና እዩት።

የቀርከሃ መብራትም አይቻለሁ። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተሰንጥቆ ለመጎንጎን ይመቻል፤ የቆላው ድፍን ነው። ስትገዙ ታዲያ የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎለት እንደሆነ ጠይቁ።

በርጩማውን ገዛሁት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ፌስቡክ ላይ ናት 😄