ጥዶቹ ፍሬ ያፈሩ መስሎኝ

ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ቤት ስንገዛ የጎረቤት ዓይን እንዲከልልን ብለን አጥሩ ዳር ዘጠኝ ግሪን ጃያንት የሚባል ጥድ ተከልን። ተከላው ቀላል ነው፣ ጉድጓዱን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አታድርጉት፣ አለቀ።

በአራተኛው ዓመት ጁላይ ላይ ሁለቱ ከአናታቸው ቡናማ መሆን ጀመሩ። ሳር የሚያጭድልን ሰውዬ ከመኪናው እንኳን ሳይወርድ "ውሃ ጠምቷቸው ነው" አለኝ፣ እኔም አምኜ ማታ ማታ ጎማ ይዤ ሳጠጣ ከረምኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ሳጠጣ አፍንጫዬ ስር ቅርንጫፉ ላይ ጣት የምታክል ቡናማ ነገር በብዛት ተንጠልጥሎ ነበር። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ "ፍሬ ያዘልህ እኮ ልጄ" ብላ መርቃኛለች፣ ፎቶውንም ለእህቴ ልኬያለሁ! ከዛ ኦገስት ላይ አንዷ "ፍሬ" ጥቁር ጭንቅላቷን አውጥታ ስትራመድ አየኋት።

ባግዎርም ይባላል። ትሉ ከዛፉ ቅጠል እየቆረጠ በሐር ክር ሰፍቶ ከረጢት ይሠራና ውስጡ ሆኖ ይበላል። ሮጥኩ፣ ቢቲ የሚባለውን የትል መድኃኒት ገዝቼ ነፋሁ፣ የሸጠልኝ ልጅም ጊዜው አልፏል አላለኝ። ቢቲ የሚሠራው ትሉ ትንሽ ሆኖ የተረጨውን ቅጠል ሲበላ ነው፣ በዛ ሰዓት ግን አድጎ መብላቱን ሊያቆም ደርሷል፣ ከረጢቱንም ይዘጋል። ብሬ ውሃ በላው።

የባሰው ስህተት ግን የራሴ ነው። ቅዳሜ ሙሉ በእጄ ለቀምኩና ወፍ ይበላዋል ብዬ እዛው ዛፉ ሥር በተንኩት። አንዷ ከረጢት ውስጥ ከ500 እስከ 1000 እንቁላል ሊኖር ይችላል፣ የብርዱንም ወራት ምንም ሳይሆን ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ መጨረሻ ላይ በርበሬ ፍሬ የማያክሉ ትሎች በክር ተንጠልጥለው በነፋስ እየተወሰዱ ዘጠኙም ላይ ወጡ። የኤችኦኤው፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደብዳቤ ደግሞ ወዲያው ደረሰ፣ የደረቀውን ዛፍ አንሱ ይላል፣ ምን እንደነካው የጠየቀኝ ሰው የለም።

ጁን ላይ ቢቲውን በአስር ቀን ልዩነት ሁለቴ ነፋሁ፣ ያኔ ሠራ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ስፍቅ አረንጓዴ ያላሳዩኝን ሁለቱን አስቆረጥኩ። ሦስተኛው በአንድ ጎኑ ራቁቱን ነው፣ እንደዛው ይቀራል፣ ምክንያቱም ይሄ ዛፍ ከደረቀ ቅርንጫፍ አያቆጠቁጥም።

ባለሙያዎቹ ጁን ላይ ርጩ ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ግን እጃችሁ የሚደርስበት ዛፍ ከሆነ እኔ መድኃኒት አልገዛም። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ መቀስና የሳሙና ውሃ ያለበት ባልዲ ያዙ። አትጎትቱት፣ የታሰረበትን ክር በመቀስ ቁረጡት፣ አለበለዚያ ክሩ እዛው ቀርቶ ቀንበጡን አንቆ ያደርቀዋል። ደግሞ መኸር ላይ ውስጥ ውስጡን ትንሽ ቡናማ ቢሆን አትደንግጡ፣ አሮጌ ቅጠሉን እየጣለ ነው።

የጎረቤታችን ጥድ ላይ አሁንም ተንጠልጥሎ አያለሁ። ቅጠል የረገፈ ሰሞን መቀሴን ይዤ በሩን አንኳኳለሁ።