ዐሥራ አምስት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት

ዓርብ ጠዋት ገና ቁርስ ሳልበላ ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ዐሥራ አምስት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ምን ላድርገው?»

ደዋይዋ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። የግዢ መጠየቂያ ሲስተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስደርስ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣው ዓሣ በሳፋ ተቀምጧል፤ 20 ኪሎ፣ ሁሉም አምባዛ። ሥራ አስኪያጁ ከደመወዛቸው ሊቆርጥ ነው። «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም» ይላሉ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

እውነታቸውን ነበር። ማታ የሞሉት 20 ኪሎ ቆሮሶ፣ 8 ኪሎ አምባዛ፣ 15 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ነው። ቆሮሶው ከሌላ ቦታ እንደሚመጣ ሲነገራቸው መስመሩን ሰርዘው ላኩ። ስሙ ጠፋ፤ 20ው ግን እዚያው ቀርቶ የአምባዛ ሆነ። 8ቱ ለሽንኩርት፣ 15ቱ ለነጭ ሽንኩርት ደረሰ።

ዝርዝሩን የጻፍኩት በሪአክት፣ ማለትም የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ በሆነ የኮድ ስብስብ ነው። ሪአክት እያንዳንዱን መስመር የሚለየው «ኪ» በሚባል መታወቂያ ነው፤ ካልሰጡት ኮንሶል በሚባለው፣ ፕሮግራመር በሚያየው የመልእክት መስኮት ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ሲያስቸግረኝ የመስመሩን ተራ ቁጥር፣ ኢንዴክሱን ሰጠሁትና ዝም አለ። ኢንዴክስ የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ ስለሆነ ቆሮሶ 0 ነበር፤ ሲሰረዝ አምባዛ 0 ሆነ። ሪአክት ደግሞ 0፣ 1 እና 2 እንዳሉ፣ 3 ብቻ እንደጠፋ አየ። ስለዚህ የመጨረሻውን መስመር ከቁጥር መጻፊያ ሳጥኑ ጋር አነሳ፣ በቀሩት ላይ ስማቸውን ብቻ ቀየረ፤ ሰው በእጁ የጻፈውን ቁጥር አልነካም። ወረፋ ላይ የፊተኛው ሲወጣ ሰዉ አንድ አንድ እርምጃ ተጠግቶ ዘንቢሉን ግን የቆመበት ትቶት እንደ መሄድ ነው።

በችኮላ ያደረግኩት የመጀመሪያ ጥገና ደግሞ ባሰ። መስመሮቹ በታደሱ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ለኪ ሰጠሁ። ከታች ያለው ድምር አንድ አኃዝ በተጻፈ ቁጥር ገጹን ስለሚያድስ፣ ሪአክት ሳጥኖቹን ሁሉ አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራቸው፤ የተጻፈው ጠፋ፣ የስልኩ ኪቦርድም ተዘጋ። በመጨረሻ ከዳታቤዝ ለሚመጣው ዕቃ የራሱን አይዲ፣ ገና ላልተመዘገበው ደግሞ መስመሩ ሲጨመር አንዴ ብቻ የሚፈጠር አይዲ ሰጠሁ።

ለሥራ አስኪያጁ ስህተቱ የኔ መሆኑን በእሳቸው ፊት አስረዳሁ፤ ስልኬን አውጥቼ በአሮጌው ኮድ ቆሮሶን ሰርዤ አሳየሁት። ነጭ ሽንኩርቱን እኔ ከፈልኩ።

ከዚያ አዲሱን ከፈትኩላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በአምስት መስመር አምስት የተለያየ ቁጥር ጻፉ፤ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ቀጥሎ የመሐሉን ሰረዙ፤ የቀሩትን በጣታቸው እየነኩ አንድ በአንድ ከወረቀታቸው ጋር አመሳከሩ። «እንደገና አድርገው» አሉኝ። አደረግኩት።