ሰጠ ወይስ ሸጠ

ስክሪን ያስገዛኝ አንድ ጭረት ነው። «ሰ» አናት ላይ ተቀምጣ «ሸ» የምታደርገው ጭረት።

ሥራዬ የመጽሐፍ እርማት ነው። የምሠራው ከቤት ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ የቤተሰባቸውን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ አራሚዋ እኔ ነበርኩ። መጽሐፉ ወጣ፣ ለዘመድ አዝማድ ተከፋፈለ። በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አባቴ መሬቱን ለእህታቸው ሰጡ ነው ያልኩት። እዚህ ሸጡ ይላል።»

ገለጥኩት። እውነትም ሸጡ ይላል። «አባባ፣ በጣም ይቅርታ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸው እንኳን አልተቆጡኝም። የአክስታቸው ልጆች ናቸው አሉ የተቀየሙት።

ያንን ገጽ ያረምኩት በ14 ኢንች ላፕቶፕ ነው። ግራ ላይ የደራሲውን ረቂቅ፣ ቀኝ ላይ ተተይቦ የመጣውን አድርጌ ነው የማነበው። ሁለት ገጽ እዚያች ላይ ሲታጨቅ የፊደሉ ነገር አይነሳ። «ደመረ»ን ከ«ጀመረ» የሚለየው ነገር እኔ ስክሪን ላይ ከትንኝ እግር አይበልጥም ነበር።

ለባለቤቴ ስነግረው ዓይኑ በራ። «ታዲያ ለምን 32 ኢንች ቲቪ አንገዛም? አንቺም ትሠሪበታለሽ፣ እኛም እናይበታለን።» እኛ ማለት እሱ፣ ልጃችንና ፕሪሚየር ሊግ ናቸው። የድሮው ቲቪያችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎ ከቀረ ወራት አልፎት ነበር።

ሐሳቡ መጥፎ አልመሰለኝም። እህቱ ቤት 32 ኢንች ስላለ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ሰካሁት። መጀመሪያ የገጹ ዳር ዳር ተቆረጠ፤ ከታች ያለው ሰዓት ግማሹ የለም። ይሄ ብዙ ቲቪ ላይ ያለ አመል ነው፣ ምስሉን ትንሽ አሳድጎ ጠርዙን ይጥለዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አስተካከልኩት። ቀጥሎ በቀይ የጻፍኩትን እርማት አየሁ። ቀዩ ፊደል ውኃ እንደነካው ቀለም ተዛምቷል። ለካ ብዙ ቲቪ ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ነው የሚያሳየው። ፊልም ላይ ማንም አያውቅበትም። በቀይ እንጀራዋን ለምትበላ ሴት ግን መርዶ ነው።

ምስሉ የሚሠራበትን ትንንሽ ነጥብ፣ ፒክስል የሚሉትን፣ ስቆጥር ደግሞ ባሰ። 32 ኢንች ከሆኑት ቲቪዎች ብዙዎቹ፣ የእህቱም ጭምር፣ 1366 በ768 ነጥብ ናቸው። ሲሰላ በአንድ ኢንች ውስጥ 49 ነጥብ ይደርሳል። የእኔ ላፕቶፕ 1920 በ1080 ነጥብ 14 ኢንች ውስጥ ስለጠቀጠቀ በኢንች 157 አለው። እሱ ነጥብ ሞልቶት ቦታ አጥቷል፣ ቲቪው ቦታ ሞልቶት ነጥብ አጥቷል። እኔ የምፈልገው ሁለቱንም ነው።

ቲቪውን ትቼ ማታ ማታ የኮምፒውተር ስክሪን፣ ሞኒተር የሚሉት፣ ስሌት ላይ ወደቅኩ። 24 ኢንች በ1920 በ1080 ሲሆን በኢንች 92 ነጥብ። 27 ኢንች በዚያው ነጥብ 82። ሰፋ እንጂ አልጠራም፤ ሱቅ ውስጥ «ትልቁን ውሰጂ» ሲሉን የማይነግሩን ይሄንን ነው። 27 ኢንች በ2560 በ1440 ደግሞ 109። ፎርኬ፣ ማለትም 3840 በ2160፣ ከሆነ 163። ልቤ ፎርኬው ላይ ቀረ። ግን የላፕቶፔ የምስል መሰኪያ፣ ኤችዲኤምአይ የሚሉት፣ አሮጌው 1.4 ነው። እሱ ፎርኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ማውሱ የታመመ ይመስል እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ላፕቶፕ ደግሞ አልቀይርም። 2560 በ1440ን ግን በ60 ያለ ችግር ይሸከመዋል። እዚያው ላይ ወሰንኩ።

ፍላሽ ላይ ሦስት ገጽ ጫንኩ። አንዱ ሙሉ ነጭ፣ አንዱ ሙሉ ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ሰጠ፣ ሸጠ፣ ደመረ፣ ጀመረ፣ ሰማ፣ ሸማ የተጻፈበት። ቅዳሜ ጠዋት በቃሊቲ አድርጌ መገናኛ ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያገለገለ 27 ኢንች አሳየኝ። «እህቴ፣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው። በአዲስ ዋጋ ግማሽ።» ነጩን ገጽ ከፈትኩ። መሀሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። አቧራ መስላኝ በጣቴ ጠረግኳት፤ ወይ ፍንክች። ፊደል ያለበትን ገጽ ከፈትኩና ወደ ላይ ገፋሁት። ፊደሉ ሄደ፣ ነጥቧ እዚያው ቀረች። የሞተች ነጥብ ናት።

«አንዲት ነጥብ ምን ታደርግሻለች?» አለኝ ልጁ።

ለእሱ ምንም። እኔ ግን ሁለት ነጥብ ቃል የሚለይበት፣ አራት ነጥብ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋበት ጽሑፍ ነው የማነበው። ቀኑን ሙሉ ስጠርጋት ልውል ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ የተከፈተ አንድ ስክሪን ፊት ለፊት ቁጢጥ አልኩ። ባለሱቁ ደንግጦ «እናቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም። ልጄ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ተጋድሞ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ከታች ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማየት ነበረብኝ። ቲኤን የሚባለው የስክሪን ዓይነት ነበርና ከታች ሲታይ ሰው ሁሉ ከሰል ሆነ። ጎኑ ያለው፣ አይፒኤስ የሚባለው ሌላው ዓይነት፣ ከየትም ቢታይ ያው ነው። ቪኤ የሚባለው ሦስተኛውም ነበረ። ጥቁሩን ገጽ ስከፍትበት እውነትም ጥቁር ነው፤ በጨለማ ፊልም ለሚያይ ሰው ከአይፒኤስ ይሻላል። ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ፈዘዝ ይላል። እኛ አንድ ሶፋና አንድ ፍራሽ ነው ያለን፣ ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። አይፒኤሱን ያዝኩ። ሰጠና ሸጠን ከፈትኩበት። ከክንድ ርቀት ጭረቷ ቁልጭ ብላ ታየችኝ።

ዋጋውን አልጽፍም። ብር በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዘንድሮ ዋጋ ለከርሞ ተረት ነው።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ ላደርገው ሞከርኩ፤ አልሆነም። «ቲቪዋ ሰው ቦታ ይዛለች፣ የሁለት ትከፍያለሽ» አለ ረዳቱ። «ቲቪ አይደለም» አልኩት፣ ይሄ ነገር ሒሳቡን የሚቀንስ ይመስል። ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። የሁለት ከፈልኩ።

ቤት ስንሰካው ሪሲቨሩም ገባለት፤ መሰኪያው ሁለት ነው፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእነሱ። ምስሉ መጣ። ድምፅ የለም። የባለቤቴን ፊት ማየት ነበር! ስፒከር የሚባል ነገር እንደሌለው ሱቅ ውስጥ ትዝም አላለኝ፤ ዓይኔ ጭረት ላይ ነበራ። ደግነቱ ከኋላው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው፣ የልጄን ትንሽዬ ስፒከር ሰካንበት። ኳሱ እንደ ላፕቶፑ ፊደል ጥርት አላለም፤ ሪሲቨሩ 1080 ብቻ ስለሚልክ ስክሪኑ ለጥጦ ነው የሚያሳየው። ባለቤቴ ግን አላስተዋለም፣ እኔም አልነገርኩትም። ማታ መብራት አጥፍተን ፊልም ስናይ ጥቁሩ አመድ አመድ ይላል። እሱን አስተዋለው። «ያኛው ይሻል ነበር» አለ፣ የቱን እንደሆነ ሳይናገር።

አሁን ዲቫይደሩ ላይ ጥብቅ ሕግ አለን። መብራት ሲሄድ ቀድሞ የደረሰ ይነቅለዋል።

ትናንት ማታ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እነሱ ደግሞ እረፍት ሲደርስ እንዲቀየርላቸው ከኋላዬ ቆመዋል። የሽማግሌው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ነው፣ ገጽ 31። ደረስኩበት። «ሰጡ» ይላል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ለእነሱ ለቀቅኩላቸው። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፣ ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ድርግም አለ። ልጄ ሮጦ ነቀለው። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ በባትሪ ልቀጥል አልኩ። ፊደሉ ጤፍ ሆኖብኛል፤ ዓይኔ በሁለት ሳምንት ቀብጧል። ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ በስልኩ ውጤት ይፈልጋል።

«ኔትወርክም የለም» አለ። «ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው?»

ልጄ በረንዳ ላይ ወጥቶ አየና «የክፍያ መንገዱ ጋ በርቷል» አለ።