ከእግር የማይወልቅ የአራስ ጫማ

በእጅ፣ በኪሮሽ የተሠራ የአራስ ጫማ ሁሌም ያምራል። ጥያቄው እግር ላይ ይቆያል ወይ ነው። የአራስ ተረከዝ ገና ጎልቶ አልወጣም፤ እግሩ ከጣቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድቡልቡል ስለሆነ ጫማው የሚይዘው ጥግ አያገኝም። ልጁ ሁለቴ ሲራገጥ አንዱ እግር ጫማ ጋቢው ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ወለል ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከአበባውና ከሪባኑ በፊት የሚያሳስበኝ የጫማው አንገት፣ ቁርጭምጭሚቱን የሚይዘው ክፍል ነው፤ የቀረው ሁሉ እሱን ለማሳመር የሚሠራ ነው።

ክሩ መካከለኛ ውፍረት ይኑረው። ከ50 ግራም ልቃቂት ግማሹ ያህል ለአንድ ጥንድ ይበቃል። መርፌው ጫፉ ቆልመም ያለ የኪሮሽ መርፌ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር። ለዳንቴል የለመድነው ቀጭኑ የብረት መርፌ እዚህ አያገለግልም። የዳንቴል እጅ ደግሞ ክር ማጥበቅ ይወዳል፤ የጠረጴዛ ልብስ ሲጠብቅ ያምራል፣ የልጅ ጫማ ሲጠብቅ ግን ካርቶን ይሆናል። 20 አጭር ዓይን (ዓይን ማለት በመርፌው የሚሠራው አንዱ ነጠላ ጥልፍ ነው፤ አሠራሩ ከታች አለ) 10 ሳንቲ ሜትር ከሰጠ እጁ ልክ ነው፤ ርዝመቱ ካነሰ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ እንጂ እጅን ለማላላት መታገል አያስፈልግም፤ አምስት ዙር ሳይሞላ እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ንጹሕ ሱፍ ይሞቃል፣ ነገር ግን በሙቅ ውሃ ታሽቶ ሲታጠብ ተኮማትሮ ይደርቃል። ለአራስ እናት ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ የሚታጠብ ነገር መስጠት ስጦታ ሳይሆን ሥራ መጨመር ነው። ጥጥ ለቆዳ ይስማማል፣ ግን ተለጥጦ አይመለስም፤ አንገቱ ቶሎ ይሰፋል። እኔ የምመርጠው ለሕፃናት ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ አክሪሊክ ወይም ከጥጥ የተቀላቀለውን ነው። ካውያ ብቻ አይንካው፤ አንዴ ከተተኮሰ ይልምና አይመለስም። ፀጉሩ የሚበንን ክር፣ ምንም ቢያምር፣ ይቅር። ሕፃን እግሩን አፉ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ሁለት ዓይነት ዓይን ይበቃል። አጭሩ፣ መርፌውን አስገብቶ ክሩን ስቦ፣ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ባንዴ ማውጣት። መካከለኛው፣ ከማስገባት በፊት ክሩን አንዴ መርፌው ላይ ጠቅልሎ፣ በሚገኙት ሦስት ቀለበቶች ውስጥ ባንዴ ማውጣት።

ሶሉ በ11 ሰንሰለት ይጀምራል፤ ሰንሰለት ማለት ክሩን መርፌው ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ እየሳቡ የሚሠራ የቀለበት ተርታ ነው። ከመርፌው ሦስተኛው ሰንሰለት ላይ 2 መካከለኛ ዓይን፣ በቀጣዮቹ 7 ላይ አንዳንድ፣ ጫፉ ላይ 5፤ ዞሮ በሰንሰለቱ ሌላ ወገን 7፣ መነሻው ላይ 3። ይህ 24 ነው። ዙሩ ተዘግቶ 2 ሰንሰለት ይወጣል፤ እነዚህ አይቆጠሩም። በሁለተኛው ዙር የሁለቱ ጫፎች ዓይኖች፣ ማለትም አምስት አምስቱ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይሆናሉ፣ ጎኖቹ እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ 34። በሦስተኛው ዙር ጫፎቹ ላይ አንዱ ነጠላ፣ ቀጣዩ ጥንድ እየሆነ ይሄዳል፤ 44። ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል፣ ከተወለደ እስከ 3 ወር ላለ ልጅ ይሆናል። እዚህ ላይ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ ማየት ነው። ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈ ጫፉ ላይ የተጨመረው አንሷል ወይም ክሩ ጠብቋል፤ ከተሸበሸበ በዝቷል። ጎኑ ሲሠራ ይስተካከላል ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ጎኑ ጥፋቱን ያጎላዋል።

ጎኑን ለማቆም፣ ከዓይኑ አናት ላይ ከሚታዩት ሁለት ክሮች የኋለኛውን ብቻ እየያዙ 44 አጭር ዓይን መዞር። ያ ዙር ነው ሶሉን ከጎኑ በመስመር የሚለየው። ከዚያ ሁለቱንም ክር እየያዙ 3 ዙር፣ ያለ ጭማሪ።

ብዙ ጫማ የሚበላሸው ጣቱ ላይ ሲቀነስ ነው። በዙር ሲሠራ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው አይደራረቡም፤ በቀኝ እጅ ለሚሠራ በየዙሩ ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ከመነሻው እየቆጠሩ መሀሉ እዚህ ነው ብለው ከቀነሱ የጫማው አፍንጫ ወደ ጎን ይዞራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሶሉን በቁመቱ እኩል አጥፎ፣ የጣቱ መሀል ላይ መርፌ ቁልፍ መሰካት፣ ከዚያም ከቁልፉ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ዓይን መለየት። በእነዚህ 20 ላይ ሁለት ሁለቱን አንድ እያደረጉ 10 ማድረስ፣ የቀሩትን 24 እንዳሉ መዞር፤ 34። በቀጣዩ ዙር እነዚያ 10 ወደ 5 ይወርዳሉ፤ 29። በሦስተኛው መሀል አካባቢ ሦስት ቦታ ብቻ ይቀነሳል፤ 26። ሁለቱን አንድ ሲያደርጉ የሁለቱንም ዓይን የፊት ክር ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ሙሉውን ከያዙ ቀዳዳ ይቀራል፣ በቀዳዳው ደግሞ ትንሿ ጣት ትወጣለች።

26ቱ ዓይን 13 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ይሰጣሉ፤ እግሩ ለመግባት በቂ ነው፣ ለመያዝ ግን ማሰሪያ ይፈልጋል። ለማሰሪያው አንድ መካከለኛ ዓይን፣ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ዓይን መዝለል፤ 13 ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳው ቁርጭምጭሚቱ ላይ መዋል አለበት፤ ዝቅ ካለ ማሰሪያው እግሩን እንጂ አጥንቱን አይይዝም። ከዚያ በላይ 5 ዙር መካከለኛ ዓይን፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል። ሰው ክር ለመቆጠብ ሁለት ዙር ላይ ያቆማል፣ የሚወልቀውም ያ ነው። የመጨረሻው ዙር ላላ ይበል፤ ሲጠብቅ የልጁ ባት ላይ ቀይ መስመር ያወጣል። ማሰሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ሰንሰለት ሆኖ፣ ተስቦ እንዳይወጣ ከኋላ በኩል በሁለት ስፌት ይያዝ። ቁልፍና ዶቃ አይደረግም፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

የውስጡ ንጽሕና ከውጩ ይበልጣል። የተረፈው የክር ጫፍ በዱልዱም መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ተመልሶ ወደ ሌላው፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያው መሰፋት አለበት። ውስጥ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ወይም የእናት ፀጉር የልጅ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቋርጥ ይችላል፤ ልጁ ያለቅሳል እንጂ አይናገርም። ጫማው ከመሰጠቱ በፊት ተገልብጦ በጣት ይዳሰስ፣ እናትየውም ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ እንድታየው ይነገራት።

ጥንዱ እኩል እንዲሆን አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር አይመከርም። እጅ በቀናት መሀል ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ መጠኑ ይለያያል። ሁለቱን ሶል፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን፣ ከዚያ ሁለቱን አንገት እያፈራረቁ መሥራት ይሻላል።

ለአራስ ጥየቃ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ አንድ መጠን ከፍ ማድረግ ብልህነት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ስጦታ ብዙ ነው፣ በሦስተኛው ወር ግን የሚሆነው ይጠፋል። ቁጥሩን ሳይነኩ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ መያዝ ብቻ ሶሉን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያመጣዋል። መቆም ለጀመረ ልጅ ግን ይህ ጫማ አይሆንም፤ ሶሉ ሊሾ ወለል ላይ ያንሸራትታል።