መጀመሪያ ሜትሩ ይውጣ

ቤታችንን ሊገምት የመጣው የባንኩ ኢንጂነር ገና ከመኪናው ሳይወርድ "የድሮው ግምት አለ?" አለኝ። አለ። በ2012 ቤቱ ስትራክቸር ላይ እያለ ለፊኒሺንግ ስንበደር የተሠራው ነው። ባለቤቴ ከካርታው ጋር በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። አውጥቼ ሰጠሁት። በር ላይ ቆሞ አገላበጠው፣ ግቢውን አንዴ ዞረ፣ በስልኩ አምስት ስድስት ፎቶ አነሳና የተፈላውን ቡና እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ሜትሩ ከቦርሳው አልወጣም።

ውጤቱ ሲመጣ ሰርቪስ ቤቱ 18 ካሬ ይላል። ያ 18 ካሬ የቆርቆሮ ሰርቪስ ከፈረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል! አሁን ያለው 34 ካሬ ነው፣ ብሎኬት፣ ወጥ ቤትና ሻወር ያለው። ሰውየው ቤቱን ትቶ ወረቀቱን ነው የገመተልኝ።

በንዴቴ ሰሞን "ገማች የቀድሞውን ግምት ማየት አለበት ወይ?" ብትሉኝ "በጭራሽ፣ እንዳያሳዩት" እላችሁ ነበር። ስለ ዋጋው ቁጥር አሁንም አቋሜ ያው ነው። ቁጥር አንዴ ካዩት ከጭንቅላት አይወጣም። ኖርዝክራፍት እና ኒል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የቤት ሽያጭ ባለሙያዎችን አንድ ቤት አስጎብኝተው ነበር። ለሁሉም የሰጡት መረጃ አንድ ዓይነት ነው፣ የተለያየው ሻጩ ጠየቀ የተባለው ዋጋ ብቻ። ከፍ ያለ ዋጋ ያየው ከፍ አድርጎ ገመተ፣ ዝቅ ያለ ያየው ዝቅ አደረገ። የሚገርመው ግን አብዛኞቹ ባለሙያዎች "እኔ እሱን ዋጋ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም" ማለታቸው ነው። እኔን የገጠመኝ ኢንጂነርም ቢጠየቅ እንደዚያው የሚል ይመስለኛል፣ ውሸቱን ሳይሆን ከልቡ።

እኛ አገር ደግሞ የድሮ ቁጥር ከየትም በላይ ያሳስታል። የባንክ ግምት በአብዛኛው የሚሠራው ግንባታው ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል ተብሎ፣ ከዚያ ላይ እርጅናው ተቀንሶ ነው፣ መሬቱማ የመንግሥት ነው። ታዲያ በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ገበያ ተለቅቆ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ የ2012 የሴራሚክና የኤሌክትሪክ ገመድ ዋጋ ለማን ይጠቅማል? ለትዝታ ካልሆነ።

አሜሪካኖቹ የገማቾች ሙያ መመሪያቸው ላይ ነገሩን ለየት አድርገው ይዘውታል። ገማቹ የገበያ ዋጋ ሲያወጣ፣ ቤቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ተሽጦ ከሆነና መረጃው ከተገኘ ሽያጩን መመርመር አለበት። እሱ ራሱ በነዚያ ዓመታት በዚያ ቤት ላይ ሠርቶ ከነበረ ደግሞ አስቀድሞ ይናገራል። ሽያጭ እውነት የተከፈለ ገንዘብ ነው። ግምት ግን የሌላ ሰው አስተያየት።

ቅሬታ አስገባሁና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ኢንጂነር መጣች፣ ወጣት ልጅ ናት። ወረቀቱን ስዘረጋላት "እሱ ይቆይልኝ፣ መጀመሪያ ልለካ" አለች። የሜትሩን ጫፍ እኔ እየያዝኩ ክፍል በክፍል ዞርን፣ ሶፋ ሁሉ አንቀሳቅሰናል። ደብተሯ ላይ የራሷን ጽፋ ስትጨርስ "አሁን ያምጡት" አለችኝ። የዋጋውን ገጽ ዘልላ በቀጥታ ስለ መሠረቱ የተጻፈው ጋ ሄደች።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤን ያስቀየረችኝ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ መሬቱ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞ። እኛ ሁለት ሜትር ተኩል ኮቲቻውን አስወጥተን ገረጋንቲ ሞልተናል፣ ፎቶውን ያኔ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ወጪ ሴራሚክ ሥር ነው፣ ማን ያየዋል? ያ የድሮ ወረቀት ብቻ። ስለዚህ ገማች ዓይኑ የማይደርስበትን ነገር ከድሮው ፋይል ቢፈልግ ትክክል ነው፣ ግን የራሱን ለክቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ዋጋው ያለበትን ገጽ ሸፍኖ።

ከዚያ ቀና ብላ "የሰርቪሱስ መሠረት?" አለችኝ። እዚህ ጋ ላብ አሰመጠኝ። ሰርቪሱን ስንሠራ ብር አልቆብን ስለነበር ያን ያህል አልቆፈርንም፣ ድሮው ወረቀት ላይም የለም። ልዋሽ አልቻልኩም። ቀድማ በሮቶው በኩል ያለውን ቀጭን ስንጥቅ አይታው ኖሯል። ሮቶው ሲሞላ እየፈሰሰ ግድግዳውን ሥር ሥሩን ያርሰዋል። ለዚያ ቀነሰችብኝ። ቢሆንም ጠቅላላው ከመጀመሪያው ግምት በደንብ በለጠ።

ቅዳሜ ከጎረቤቶቼ ጋር ሮቶውን ወደ አጥሩ አዛወርነው። እሷ እንደነገረችኝም የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሬ ቀኑን ጻፍኩበት። እስካሁን መስመሩን አላለፈም።