የቤት ስልክ ቢል የመጨረሻውን ገጽ ሳታዩ እንዳትከፍሉ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ስልክ የሚጠቀም ሰው እየጠፋ ነው። አሮጊት እናት ወይም አክስት ያለችበት ቤት ግን አሁንም አይታጣም። እኛም ቨርጂኒያ ያለው ቤታችን ውስጥ አለን፤ አክስቴ ከሞባይል ጋር አልተስማማችም። አዲስ አበባ የምትደውለው በእሱ ነው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ እናንተ እንዳትቃጠሉ ልንገራችሁ።

አሠራሩን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ትልቁ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል የሰፈር ስልክና የርቀት ጥሪ የተለያየ ንግድ ሆኑ፤ ዛሬ አንድ ኩባንያ ሁለቱንም ሊሸጥ ይችላል። መስመሩን አንዱ ኩባንያ ይሰጣችኋል፣ ኢትዮጵያ የሚያገናኛችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሂሳቡ ግን በአንድ ፖስታ ይመጣል። መቆጠር የሚጀምረው ወዲያ ማዶ ስልኩ ሲነሳ ነው። ብዙ ፕላኖች ደቂቃውን ወደ ላይ ያጠጋጋሉ። አክስቴ «ደህና ገባሽ? በቃ ተኚ» ብላ ብትዘጋና ወሬው አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ቢፈጅ፣ የሁለት ደቂቃ እንከፍላለን። እሱስ ይሁን።

አንድ ወር ላይ ቢሉ ከወትሮው እጥፍ ድርብ ሆኖ መጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰምቼው የማላውቀው ኩባንያ ስም አለ። ከሥሩ የአዲስ አበባ ጥሪዎች ምንም ቅናሽ በሌለው ዋጋ ተደርድረዋል፤ ወርሃዊ ክፍያም ተጨምሯል። ሳናውቅ የርቀት ጥሪ ኩባንያችንን ቀይረውብናል። ይህን ስላሚንግ ይሉታል፤ በሕግ የተከለከለ ነው።

መስመሩን ለሚሰጠን ኩባንያ ደወልኩ። «እኛ ሰብስበን እናስተላልፋለን እንጂ ሂሳቡ የእኛ አይደለም» አሉኝ። ገንዘቡን ለመቀበል ሲሆን የእነሱ ነው፣ ለመመለስ ሲሆን የሌላ! ወደ ሌላው ደወልኩ። ሙዚቃው ጆሮዬን ካደነቆረኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። «ለመቀየር የተስማማችሁበት የድምፅ ቅጂ አለን» ብላ አስደመጠችኝ።

ቅጂው ላይ አንድ ሰውዬ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ይጠይቃል። አክስቴ «የስ» ትላለች። እንደገና ይጠይቃል፣ «የስ»። ቤቱን ልትሸጪልን ነወይ ቢላትም «የስ» ነበር የምትለው። ሰውን አላሳፍርም ብላ ነው። መሀል ላይ በአማርኛ «ቆይ ልጅቷን ልጥራልህ» ስትል ይሰማል። ሰውዬው ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

«መስመሩ በእኔ ስም ነው፣ እሷን ቀይሪ ብዬ አልፈቀድኩም» አልኩ። «ፈቃድ እንዳላት አረጋግጣለች» አለችኝ። እንግሊዝኛ የማትሰማ ሴት ምኑን ነው ያረጋገጠችው? አለቃዋን ጠየቅኩ። እሱም በለሰለሰ ድምፅ «እንደ መልካም ፈቃድ ግማሹን እንቀንሳለን፣ እርስዎም ደንበኛችን ሆነው ይቆዩ» አለኝ። የሰረቀኝ ሰው ግማሹን ሊመርቅልኝ ነው። ካልከፈልኩ ስልኩ ሊቆረጥ እንደሚችልም ጣል አደረገ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህቺ ናት። ቢሉ ራሱ ላይ ባለመክፈል የሰፈር ስልክ የሚያስቆርጠውና የማያስቆርጠው ሂሳብ ተለይቶ ተጽፏል። የእሱ የማያስቆርጠው ውስጥ ነበር።

የመንግሥት ምክር መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር ተነጋገሩ ነው። እኔ ግን በዚያው ቀን ለኤፍሲሲ፣ ማለትም የስልክ ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አመልክቱ እላለሁ። ማመልከቻው ነፃ ነው፤ ኤፍሲሲ ሲያስተላልፍለት ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በስልክ ድንጋይ የነበሩት ሰዎች በጽሑፍ ማር ሆኑ። ግማሹን እንቀንስ ሲሏችሁም እሺ አትበሉ። ያላከራከረንን ክፍል ብቻ ከፈልኩ፣ የቀረውን እንደማልቀበል በደብዳቤ አሳወቅኩ። በደንቡ፣ ያለፈቃዱ የተቀየረበት ሰው ገና ካልከፈለ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት ጥሪ አይከፍልም። ለዚህ ነው ሳትከፍሉ ተከራከሩ የምለው።

የቀረው ቀላል ነው። ወደ ድሮው ኩባንያ ተመለስን። መስመሩን ያለእኔ ፈቃድ ማንም እንዳይቀይረው አስቆለፍኩት። ይህንንም ሳደርግ የመስመሩ ኩባንያ ሠራተኛ የራሳቸውን የርቀት ጥሪ ጥቅል ልትሸጥልኝ ሞከረች። መቀየሩን ለማረጋገጥ ከቤት ስልኩ 1-700-555-4141 ደወልኩ፤ የርቀት ጥሪ ኩባንያችሁን ስም ይነግራችኋል።

ሂሳቡ ሲሰረዝ አንድ መስመር ቀረ። ዩኒቨርሳል ሰርቪስ የሚል፣ የስልክ አገልግሎት ለሁሉም እንዲዳረስ ለሚሰበሰብ መዋጮ የሚጠየቅ ክፍያ ነው። የመንግሥት ግብር ይመስላል፤ ግን መዋጮው የሚጠየቀው ከኩባንያው ነው፣ ኩባንያው ደግሞ ከፈለገ ወደ ደንበኛው ያስተላልፈዋል። የሚሰላው ከአንድ የአሜሪካ ግዛት ወደ ሌላው በሚደረግና በውጭ አገር ጥሪ ላይ ነው። ጥሪው ከተሰረዘ ይህኛው በምን ላይ ተሰላ? ጥቂት ዶላር ነው፣ ባለቤቴም ተዪው ልቀቂው አለኝ። አልለቀቅኩም። ድጋሚ ጻፍኩላቸው፤ በሚቀጥለው ቢል እሱንም መለሱት።