እናቴ ሐኪም ያደረገችኝ ሥራ

እናቴ ለአንዲት ጎረቤታችን «ልጄ እንግሊዝ አገር የሕክምና ስልክ ታነሳለች» አለቻት። ወሬው ከሆጤ ተነስቶ ሰኞ ገበያ እስኪደርስ «ሐኪም ሆናለች» ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደሴ ውስጥ ሪህ የተነሳበት፣ ስኳሩ ከፍ ያለበት፣ ልጁ አልበላ ያለው ሁሉ በኢሞ ይደውልልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኞቹ የሰፈር ሐኪሞች ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት አይገኙም፤ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓልም እንደዚያው። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) በዚህ መሃል የታመመ ሰው 111 ይደውላል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን 999 ነው። መስመሩ ቀንም ይሠራል፤ የሚጨናነቀው ግን ማታና በበዓል ነው። ብርዱ ገብቶ ጉንፋን ሲበረታማ አይጣል! ስለዚህ ለብርዱ ወራት ብቻ ተጨማሪ ሰው ይቀጥራሉ። እኔም መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ከርሜ ማስታወቂያውን አየሁና አመለከትኩ። ሕክምና የተማረ አይሉም። የሳምንታት ሥልጠና ይሰጡሻል፣ ከዚያ ልምድ ያለው ሰው ጎንሽ ተቀምጦ እያዳመጠ ያስጀምርሻል።

ኮምፒውተሩ ላይ ፓዝዌይስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ጥያቄውን ያወጣል፣ ትጠይቂያለሽ፣ መልሱን ስትነኪ ቀጣዩ ይመጣል። መጨረሻ ላይ አምቡላንስ ይላክ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ ሐኪም ይደውልለት ወይም ፋርማሲ ይጠይቅ የሚለውን የሚያወጣው እሱ ነው። ግራ የሚያጋባ ነገር ሲመጣ ነርሶች አሉ። እኔ ከራሴ «ኧረ ይሄ ጉንፋን ነው» ማለት አልችልም፤ ንግግሩ ሁሉ ይቀዳል።

እኛ ወሎ በሽታ እንዲህ በቀጥታ አይነገርም። በሽተኛው ራሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ ተወርቶ፣ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ነው «እንደው ትንሽ ጎኔን ወጋ ያደርገኛል» የሚለው። እዚያ ግን ገና ስልኩን ሲያነሱ ነው፦ ይተነፍሳል? ነቅቷል? ብዙ ደም ይፈሰዋል? ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ የባሰበት ሰው ቶሎ መለየት አለበት። ጥርሳቸውን አሟቸው የደወሉ አንዲት አሮጊት ግን ስለ ትንፋሻቸው ስጠይቃቸው «ታዲያ ማን እያናገረሽ መሰለሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

በፈረንጆቹ ገና ሰሞን አንዲት እናት ደወለች። ትንሽ ልጇ እያተኮሰው ነው፣ ሆዱ ላይም ሽፍታ ወጥቶበታል። የብርጭቆ ጎን ሽፍታው ላይ ጫን አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ እንድታየው ነገርኳት፤ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል። ቁም ሳጥን ሲከፈት፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ፣ ልጁ ሲነጫነጭ ይሰማኛል። «ጠፋ» አለች። «ስጫነው ይጠፋል።» የቀሩትን ጥያቄዎች ጨርሰን፣ ሐኪም እንዲደውልላት ተላለፈ። ስልኩ ተዘጋ፣ ሌላ ጠራ። ልጁ ምን ሆነ? አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። ደሴ ቢሆን በማግስቱ ብርቱካን ይዤ እሄድ ነበር፤ «አብሽሪ» ብያት ቡና ጠጥቼ እመለስ ነበር። ይሄ ነው የከበደኝ። መድኃኒት አለቀብኝ ባዩንና ወረፋ ረዘመ ብሎ የሚጮኸውንማ ቶሎ ለመድኩት።

ኮንትራቴ መጋቢት ላይ አለቀና ይኸው ደሴ ነኝ። ትናንት ቡና ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሲነግሩኝ ከአፌ የወጣው «ደረትዎንስ ያምዎታል?» ነው። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጉልበቴን ነው ያልኩሽ!» አሉ። ሆስፒታል ሄደው ይታዩ ስላቸው ደግሞ «ይሄን ለማለት ነው ባሕር የተሻገርሽው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እኔም የቀይ መስቀል አምቡላንስን ቁጥር፣ 907ን፣ በስልካቸው መዘገብኩላቸውና ሁለተኛውን ሲኒ ተቀበልኩ።

ከመሥሪያ ቤቱ ለሚመጣው ኅዳር ትመለሻለሽ ወይ የሚል መልእክት ደርሶኛል። እሺ ብያለሁ። ክፍያው ከመጋዘኑ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ተቀምጦ የሚሠራ ነው፣ ወገቤም አመስግኖኛል።